መተርተርም ሙያ ነው

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ለዚህ እትም ስለ ሙያ እንድንጽፍ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አብዛኛው ልጅ ስለ ሐኪምና ስለ ፓይለት ለመጻፍ ተመዘገበ። እኔ ስለ ልብስ ስፌት እጽፋለሁ አልኩ። የክበቡ ተጠሪ መምህራችንም "ጥሩ ነው" ብለው መዘገቡኝ። ቤት ገብቼ እስክሪብቶ ሳነሳ ግን የመጣልኝ መስፋቱ ሳይሆን መተርተሩ ነው። ምክንያቱም መስፋት ገና አልችልም። መተርተር ግን ችያለሁ። የቻልኩትም የሰው ሱሪ ቀድጄ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አዲስ ልብስ ብዙ አትሰፋም፤ ሥራዋ በአብዛኛው ጥገና ነው። ዚፕ መቀየር፣ ወገብ ማጥበብ፣ የረዘመ ማሳጠር፣ ያጠረ ማስረዘም። መኪናዋ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ስትሆን ከአያቴ የወረሰቻት ናት። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ሻማ ካለ ትሠራለች። ካውያውም የከሰል ነው። ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ ቤታችን ዩኒፎርም በዩኒፎርም ይሆናል። አልጋው ላይ ዩኒፎርም፣ ወንበሩ ላይ ዩኒፎርም። እኛ ራሳችን ቁጭ የምንልበት እናጣለን። እያንዳንዱ ልብስ ላይ የባለቤቱ ስም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በስፒል ይያያዛል።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሱሪ ሲሰፋልን እናቶቻችን "ልጅ ስለሆነ ያድጋል፤ እጥፋቱን ተለቅ አድርገሽ ተዪልኝ" ይላሉ። በዓመቱ ልጁ ሲያድግ ያ እጥፋት ተተርትሮ ወደ ታች ይለቀቃል። ሁለት ጊዜ የተለቀቀ ሱሪ ታች በኩል ሁለት መስመር ይዞ ይሄዳል። አጠቃላይ ሳይንስ ላይ የዛፍ ግንድ ውስጥ ያሉትን ቀለበቶች ቆጥረን ዕድሜውን እናውቃለን ብለን ተምረን የለ? ሱሪም እንደዛ ነው።

እናቴ ስትሰፋ እኔ እተረትርላታለሁ። ባለፈው ክረምት ለአንድ ሱሪ 5 ብር ልታስብልኝ ተስማማን፤ ለደብተርና ለእስክሪብቶ። ስለዚህ እኔ የማስበው ቁጥር ብቻ ነበር። በቀን አራት ሱሪ ከተረተርኩ 20 ብር፣ ስድስት ከሆነ 30 ብር እያልኩ።

ነገሩ የሆነው በሩፋኤል ቀን፣ ጳጉሜ 3 ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ዝናብ እንዴት እንደሚያደርገን ታውቃላችሁ። የሰፈር ልጆች በሙሉ ወጥተው ሩፋኤል እንዲያሳድጋቸው እየለመኑ በዝናቡ ይጨፍራሉ። ትንሹ ወንድሜ ቁምጣውን ብቻ ለብሶ ገና ድሮ ወጥቷል። እኔ ግን ሦስት ሱሪ ይቀረኛል። እናቴ ክር ልትገዛ ሱቅ ሄዳለች፤ ዝናቡ እዛው አስጠለላት መሰለኝ።

ሁለቱን እንደ ምንም ጨረስኩ። ሦስተኛው ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ነው። ክሩም ጥቁር ሰማያዊ ነው። ቤቱ ደግሞ በደመናው ምክንያት ጨልሟል። ክሩና ጨርቁ አይለይም። እናቴ ስትተረትር ግማሽ ምላጭ ይዛ፣ አንዱን ጎን በፕላስተር ጠቅልላ፣ ሁለቱን ጨርቅ ግራና ቀኝ ወጠር አድርጋ በመሃል ሽው ታደርገዋለች። ደቂቃ አይፈጅባትም። እኔም እንደሷ ልሁን ብዬ ወጠር አደረግኩና ምላጩን ሽው አደረግኩት።

ምላጭ ክር ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። ጨርቅ ሲቆርጥ ግን ሌላ ነው። ሰማሁት። ሳየው ከስፌቱ በላይ የአውራ ጣቴን ያህል ተሰንጥቋል። እጥፋቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይሰፋና ይደበቅ ነበር። ይሄ ግን ከኋላ በኩል፣ ሱሪው ሲለበስ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ነው።

ስሙን አነበብኩት። የክፍላችን ልጅ ነው። አምናም አንድ ክፍል ነበርን፤ ከፊቴ ነው የሚቀመጠው። ሱሪውን ዓመቱን ሙሉ አውቀዋለሁ። እናቱ ሲያመጡትም ቤት ነበርኩ። "በጣም ረዘመብኝ፤ ዘንድሮም በዚችው ነው የሚማረው፣ ሌላ የለውም" ብለው ነበር የሰጡን።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ሱሪውን በደንብ አጠፍኩት። የተቀደደውን ወደ ውስጥ አደረግኩትና ከክምሩ ስር ከተትኩት። ከዚያ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ። እኔን ግን ዝናቡ አልጣፈጠኝም። ሁሉም አሳድገኝ ይላል። ያ ልጅ በማደጉ ሱሪ አጠረበት፣ እኔ ደግሞ ቀደድኩበት እያልኩ አስብ ነበር።

ማታ ተኝቼ የመኪናዋን ድምፅ እሰማለሁ። እናቴ በሻማ እየሠራች ነው። ቀቀቀቀ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ቀቀቀቀ ይላል። በመሃል ቆመ። ክር ስትቀይር እንደዚያ ይቆማል፤ ግን ቆየ። ልቤ መምታት ጀመረ።

"አንቺ ልጅ፣ ተኝተሻል?" አለች።

ዝም አልኩ።

"ነይ እስቲ።"

ሄድኩ። ሱሪው ጭኗ ላይ ነው። ጣቷን በቀዳዳው አስገብታ ታሳየኛለች።

"ጨርቁ አርጅቶ ነው" አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔ እንጃ።

እናቴ አልተቆጣችም። ሻማውን አስጠግታ የቀዳዳውን ጠርዝ አሳየችኝ። "ያረጀ ጨርቅ ሲቀደድ ጢም ያወጣል። ክሮቹ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናሉ። ይሄ ግን ጢም አለው?" አለችኝ። አየሁት። ጠርዙ እንደተላጨ ሰው ፊት ልሙጥ ነው። "ይሄ የምላጭ ነው" አለች።

ያኔ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለተያዝኩ ነው ወይስ ስለ ሱሪው? እስካሁን አላውቅም። እናቴ "ነገ ሲመጡ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ" አለችና ሻማውን አጠፋች።

በነጋታው የልጁ እናት መጡ። እንዲህ አልኩ፦ "እትዬ፣ ሱሪውን ስተረትር በምላጭ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ደብቄውም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ከዚህ ይረዝም ነበር፤ ግን ጠፋብኝ። ሱሪውን ተቀብለው ልክ እንደ እናቴ ጣታቸውን በቀዳዳው አስገቡ። ብዙ ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ "ትምህርት ሊጀመር ነው እኮ" አሉ። ይሄንኑ ብቻ። እናቴ "ይደርሳል። ካላማረ ደግሞ በራሴ ጨርቅ አዲስ እሰፋለሁ" አለቻቸው። አዲስ ሱሪ ማለት የእናቴ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

እሳቸው ሲሄዱ እናቴ ሱሪውን ገለበጠችና የወገቡን ጀርባ አሳየችኝ። ልብስ ሰፊ ሱሪ ሲሰፋ ከወገቡ በታች በኋላ በኩል፣ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ልጁ ሲወፍር እንዲለቀቅ። መጣፊያው የሚገኘው ከዚያ ነው። ያው ጨርቅ ስለሆነ ይመሳሰላል። ግን እሱን ለማውጣት የወገቡ ስፌት መተርተር አለበት።

"ተርትሪው" አለችኝ።

"እኔ?"

"አዎ፣ አንቺ። ግን በምላጭ አይደለም።"

ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቁልፎችና ከመርፌዎች መሃል አንድ ትንሽ ነገር አወጣች። የእስክሪብቶ ክዳን የምታክል የፕላስቲክ እጀታ አላት። ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት ጣት አለው። አንደኛው ጣት ረጅምና ሹል ነው። ሁለተኛው አጭር ሆኖ ጫፉ ላይ ቀይ ዶቃ አለው። ስለቱ ያለው ሁለቱ ጣቶች በሚገናኙበት ጎድጎድ ላይ ነው። እናቴ መተርተሪያ ትላታለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የተሰበረ የመኪና ዕቃ ነበር የምትመስለኝ።

"አንቺ ለምን በምላጭ ትተረትሪያለሽ ታዲያ?" አልኳት። "እጄ ለምዶት ነው። እስኪለምድ ድረስ እኔም ስንቱን ቀድጃለሁ" አለችኝ። ይሄን ነግራኝ አታውቅም ነበር።

አሁን ያስተማረችኝን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ከመካከላችሁ የወንድሙን ሱሪ የሚያሳጥር፣ የቀሚሷን ወገብ የምታሰፋ አይጠፋምና ይጠቅማችኋል።

በመጀመሪያ ብርሃን። ክርና ጨርቅ ቀለማቸው ሲመሳሰል በደመናና በሻማ አይተረተርም። በር ላይ ወይም መስኮት ስር ተቀመጡ። ልብሱን ከውስጥ ገልብጡትና ስፌቱን አስተውሉት።

ሁለተኛ፣ ከጫፍ አትጀምሩ። ስፌት መነሻውና መድረሻው ላይ መኪናው ወደፊትና ወደኋላ ይመላለስበታል፤ እንዳይፈታ። እዚያ ጋ ክሩ ተደራርቦ ይጠነክራል፤ እጅ ያዳልጣል። ከመሃል ጀምሩና ጫፎቹን መጨረሻ ላይ ቀስ ብላችሁ ፍቷቸው።

ሦስተኛ፣ የመተርተሪያዋን ሹል ጣት ከአንዲት ስፌት ስር አስገቡ። ስለቱ ወደ ላይ፣ ከጨርቁ ወደ ውጭ ይሁን። ገፋ ሲያደርጓት ክሩ ጎድጎዱ ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆረጣል። መሳብ የለም፣ መወጠር የለም። ከዚያ አራት ወይም አምስት ስፌት ዝለሉና ሌላዋን ቁረጡ። እንደዚህ እየዘለላችሁ እስከ ጫፍ።

አራተኛ፣ ጨርቁን ገልብጡና በሌላው ገጽ ያለውን ክር ያዙ። ሳብ ስታደርጉት ሙሉውን እንዳለ ሳይበጠስ ይወጣል። እኔ ይሄን ሳይ አስማት ነበር የመሰለኝ። እናቴ ግን ምክንያቱን አስረዳችኝ። የመኪና ስፌት ሁለት ክር ነው። አንዱ ከላይ ከመርፌው ጋር ይወርዳል፣ ሌላው ከታች ከማጠንጠኛው ይመጣል። ሁለቱ ጨርቁ መሃል ላይ ተቆላልፈው ይመለሳሉ። አንዱን በየአራት በየአምስቱ ከቆረጣችሁት ለሌላው የሚይዘው አጥቶ ይለቃል። ክሩ እምቢ ካለ ግን ጉልበት አትጨምሩ። ያልተቆረጠ ስፌት አለ ማለት ነው፤ ፈልጋችሁ ቁረጡት። በጉልበት ከሳባችሁት የሚሸነፈው ጨርቁ ነው።

አምስተኛ፣ የተቆራረጡት የክር ፍርፋሪዎች አንድ በአንድ ሲለቀሙ ዓይን ያደክማሉ። ፕላስተር በጣታችሁ ላይ ገልብጣችሁ ጠቅልሉና ጠበቅ ጠበቅ አድርጉበት፤ ሁሉንም ይዞ ይነሳል። የቀረውን በወረንጦ።

ስድስተኛ፣ መርፌው የተወውን ቀዳዳ በጥፍራችሁ አሸት አሸት አድርጉት። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ደርባችሁ በካውያ ተኩሱት። የጥጥ ጨርቅ ክሮቹ ይጠጋጉና ቀዳዳው ይዘጋል። ቆዳና ላስቲክ ግን አይዘጋም፤ እዚያ ላይ መርፌ አንዴ ከወጋ ወግቷል። የድሮው እጥፋት መስመርም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እሱ ፀሐይና እጥበት የበላው ቀለም ስለሆነ ካውያ አይመልሰውም።

የወገቡን ስፌት ለመተርተር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ ጣት የምታህል ርዝመት ስተረትር ቆሜ እጄን በቀሚሴ እጠርጋለሁ፤ ያልበኝ ነበር። ሁለተኛ ከቀደድኩት መጣፊያ የለውም። ክሩ ተስቦ ሲወጣ ጨርቁ ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። እናቴ በብርሃን ይዛ አየችውና "እህ" አለች። እናቴ "እህ" ካለች ጥሩ ነው ማለት ነው።

ከውስጥ የወጣው ትርፍ ጨርቅ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ከሱሪው ይልቅ ደመቅ ያለ ነበር። እናቴ ከቀዳዳው ጀርባ አስገብታ መጀመሪያ በእጅ መርፌ ያዝ ያዝ አደረገችው። ከዚያ በመኪና ወደላይ ወደታች፣ ወደላይ ወደታች እያመላለሰች ጠቀመችው። ሲያልቅ ስንጥቁ ቀጭን መስመር ብቻ ሆነ። አስረዝማ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ አስቀመጠችው። ሂሳብም አልተቀበለችም። ለኔም የዚያን ሳምንት አንድም 5 ብር አልታሰበልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ነገር ማሰብ ከጀመርኩ በኋላ ያስተዋልኩትን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ ኋላዋ ላይ ነው። የመኪና መርፌ ቀዳዳዋ ግን ሹሉ ጫፏ አጠገብ ነው። ቤት ካላችሁ እዩት። ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ እንዲህ ዓይነት መርፌ ያላትና በሁለት ክር እየቆለፈች የምትሰፋ መኪና ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት አግኝቷል። አይዛክ ሲንገር ደግሞ የራሱን መኪና እ.ኤ.አ. በ1851 አስመዘገበ። መኪናዋን ሁሉ ሲንጀር የምንለው ከሱ ስም ነው።

የጆንያ አፍ ስፌት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ አይቆለፍም፤ እንደ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ትክክለኛውን ጫፍ ይዛችሁ ስትስቡ እስከ መጨረሻው ትርርር ብሎ ይፈታል። በተሳሳተው ጫፍ ከሳባችሁት ግን እየጠበቀ ይሄዳል። ስኳር ወይም ዱቄት በጆንያ ገብቶላችሁ የከፈታችሁ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ።

ቁልፍ ስትነቅሉም ተጠንቀቁ። በቁልፉና በጨርቁ መሃል የማበጠሪያ ጥርስ አስገቡና ከማበጠሪያው በላይ ያለውን ክር ቁረጡ። ጨርቁን ማበጠሪያው ይከላከልለታል።

አሁን ወደ ሱሪው ልመለስ። ትምህርት በተጀመረ ቀን ሰንደቅ ዓላማ ስነ ሥርዓት ላይ በሰልፍ ያ ልጅ ከፊቴ ነበር። ዓይኔን ከእግሩ ላይ ማንሳት አቃተኝ። መዝሙሩ ሲያልቅ ዞር አለና በሹክሹክታ "አይታይም አይደል?" አለኝ። እናቱ ነግረውታል ማለት ነው። "አይታይም" አልኩት። እውነቴን ነው፤ ለሌላ ሰው አይታይም። እኔ ግን የት እንዳለ ስለማውቅ ሁልጊዜ አየዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለክበቡ ከመስጠቴ በፊት ለሱ አስነብቤዋለሁ። እምቢ ቢለኝ ኖሮ ቀድጄ እጥለው ነበር። እስከ መጨረሻው አነበበና "ስሜን ካልጻፍሽ ይሁን" አለኝ። ቀጥሎም "ግን 5 ብር ብለሽ የጻፍሽው እውነት ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይባላል። እኔ አፍስሼ ብቻ አይደለም፣ ደብቄም ነበር። ቀዳዳውን እናቴ በግማሽ ቀን ጠገነችው። "ጨርቁ አርጅቶ ነው" ያልኩትን ግን ለመተርተር ሌላ መሣሪያ አልነበረውም፤ በራሴ አፍ አንድ በአንድ መፍታት ነበረብኝ።

አሁን የራሴ አዲስ መተርተሪያ አለኝ። እናቴ ናት የገዛችልኝ። የድሮዋ ደንዝዛ ስለነበር ጉልበት ትፈልግ ነበር፤ ጉልበት ሲጨመር ደግሞ እጅ ያዳልጣል። በሚቀጥለው ጳጉሜ ቤታችን እንደገና ዩኒፎርም በዩኒፎርም ሲሆን እኔ መስኮቱ ስር ነኝ። ሱሪያችሁ ካጠረ አምጡት። ዝናብ ቢዘንብም እስክጨርስ አልወጣም።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ክፍል